ስድሳ ሰው ቆሞ አንድ ሰው ለምን አልተነቃነቀም?

ቀበና ማዶ (ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡10)

ዛሬ ከሥራ ስወጣ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ሠላሳ ያህል፣ ከኋላዬም የዚያኑ ያህል ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ አምስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ በዊልቸር የሚሄዱ ሰው፣ የቦዩ ክዳን ተሰብሮ በቀረው ክፍተት ውስጥ የፊት ጎማቸው ገብቶባቸው ቆመዋል። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ለመግፋት ሞከሩ፤ የኋላው ጎማ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ እንጂ የፊተኛው አልወጣም። «እባካችሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ አልነበረም፤ እኔ ከሰማሁ አጠገቤ ያሉትም ሰምተዋል። ከሰልፉ ውስጥ ከንፈር ሲመጠጥ ተሰማ፣ አንዲት እናትም «እኔን ይድፋኝ» አሉ፤ ከቦታው የተነቃነቀ ግን የለም።

እኔም አልተነቃነቅሁም። ተራዬን እንዳላጣ ፈርቻለሁ፣ ወደ ፊት ያለው ጎረምሳ ይቀርባቸዋል ብዬም አስቤአለሁ፤ ደግሞም፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ብቻዬን ከሰልፍ መውጣቱ ከብዶኛል። ስድስት ደቂቃ ያህል እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ሰውየው ቀና ብለው ወደ እኔ አዩና «ጥቁር ጃንጥላ የያዝከው ወንድሜ፣ አንተን ነው» አሉኝ። ሄድኩ። ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከተሉኝ። የት እንደሚያዝ ስለማላውቅ የእግር ማሳረፊያውን ይዤ ወደ ላይ ብጎትተው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው ሳይቆጡ «እሱ ተነቃይ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ብረት ያዙ፣ አንዱ ደግሞ ከኋላ እጀታውን ይጫን» ብለው አስተማሩን። ጎማው በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ሲያመሰግኑን እንዲህ አሉ፦ «ለሁሉም ስናገር ማንም አይመጣም፤ አንዱን ስጠራ ሦስት ሰው ይመጣል። ለምጄዋለሁ።»

ወደ ሰልፉ ስመለስ ተራዬ ተጠብቆልኝ ነበር።

ጨካኝ ሰው ነኝ ብዬ አላምንም፤ ከእኔ ጋር የቆሙት ስድሳ ሰዎችም ጨካኞች አይደሉም። ታዲያ ምን ያዘን? በተለይ አካል ጉዳት ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች የምታዩትን ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

የማታ መምህር (ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡05)

የጠየቁት ጥያቄ በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ በደንብ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ ከተማ ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በድምፅ ማጉያ እንዲወያዩ አደረጉ። በውይይቱ መካከል አንዱ ተናጋሪ የሚጥል በሽታ እንደተነሣበት ሆኖ እርዳታ ሲለምን ይሰማል፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀረጸ ነበር። ይህን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ተማሪዎች መካከል 85 ከመቶው የሰውየው ድምፅ ሳይቋረጥ ተነሥተው እርዳታ ጠሩ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰሙታል ብለው ካመኑት ግን ይህን ያደረጉት 31 ከመቶው ብቻ ናቸው።

ለእኔ ከቁጥሩ የሚበልጠው ሌላው ያስተዋሉት ነገር ነው። ከክፍላቸው ሳይወጡ የቀሩት ተማሪዎች ደንታ ቢሶች ሆነው አልተገኙም፤ ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ መዳፋቸው በላብ ይርስ ነበር። ሊወስኑ አቅቷቸው ተይዘው ቀርተዋል። ኃላፊነቱ ለአምስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው ድርሻ ከወንበር የሚያስነሣ አልሆነም። የእርስዎ ሰልፍ ስድሳ ሰው ነበረው። ሰውየው «ጥቁር ጃንጥላ የያዝከው» ሲሉ የተበተነውን ኃላፊነት ሰብስበው በእርስዎ እጅ ላይ አኖሩት፤ እኛ በክፍል ውስጥ የምናስተምረውን እሳቸው መንገድ ላይ ተምረውታል።

ፀሐይ ግባት (ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20)

ሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። በዚህ ከተማ የወደቀ ሰው አንሥቶ ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው «አንተ ነህ የገጨኸው» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ አይቻለሁ። ሰው የሚሸሸው ጨክኖ ብቻ አይደለም። ደግሞስ የተሰበረ የቦይ ክዳን የእኔ ጥፋት ነው? ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአካል ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ የጣለው በመንግሥት ላይ ነው። ሁሉም ነገር በሰልፈኛው ኅሊና ላይ ሲጫን ዋናው ባለዕዳ ነፃ ይወጣል የሚል ሥጋት አለኝ።

ነጭ በትር (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡45)

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ በመምህርነት እተዳደራለሁ። ከላይ የተጻፈውን ስልኬ አነበበልኝና ከንፈር መምጠጥ የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አስነበብሁት። ለሚያይ ሰው ከንፈር መምጠጥ የሐዘኔታ ምልክት ነው። ለእኔ ግን የቦታ መረጃ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ያንን ድምፅ ስሰማ በስተቀኜ ሁለት፣ በስተግራዬ አንድ ሰው እንዳለ፣ እንዳዩኝም፣ እንደማይመጡም አውቃለሁ። ዝም ቢሉ ኖሮ ብቻዬን ነኝ ብዬ በራሴ ዘዴ እሻገር ነበር፤ ሰው እንዳለ ሳውቅ ግን እጠብቃለሁ።

ሌላው የለመድሁት ነገር ሳንቲም ነው። ለመሻገር ቆሜ፣ ሱፍ ለብሼ፣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣ አንድ ሰው ቀርቦ መዳፌ ላይ ብር ያስቀምጥና ይሄዳል። በጎ ልብ እንዳለው አልጠራጠርም። ነገር ግን ሁለት እርምጃ ድረስ ቀርቦ፣ እጄን ነክቶ፣ ያላደረገው ብቸኛ ነገር ምን እንደምፈልግ መጠየቅ ነው። ብሩን ይዤ መንገዱን ሳልሻገር እቀራለሁ። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ሳይናገር በትሬን ይዞ የሚጎትተኝ ነው። በትሬ ዓይኔ ነው፤ ጫፉን ይዞ መጎተት ለሚያይ ሰው ዓይኑን ሸፍኖ እንደ መምራት ያለ ነው። ልትረዱን የምትፈልጉ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ «ልርዳህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሺ ካልኩ ክንዳችሁን ስጡኝ፤ እኔ ከክርናችሁ በላይ እይዛችሁና ግማሽ እርምጃ ከኋላ እከተላለሁ፤ ደረጃ ሲመጣ ወደ ላይ ነው ወይም ወደ ታች ነው ማለት ይበቃል። አይ ካልኩም ቅር አትበሉ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ ማለቴ ነው።

ፀሐይ ግባት ስለ መንግሥት ያሉት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። በቅርቡ በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ቢጫ ሸካራ ንጣፍ አለ። ይህን ንጣፍ የፈለሰፈው ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን መጀመሪያ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ ነው። ረዣዥሞቹ መስመሮች ቀጥል፣ ክብ ክብ ጉብታዎቹ ደግሞ ቁም፣ ከፊትህ ማቋረጫ ወይም ደረጃ አለ ይላሉ። በእግሬ የማነበው ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። መንግሥት አነጠፈው። ባለፈው ሳምንት በዚያው ላይ እየሄድኩ የቆመ ሞተር ሳይክል ጉልበቴን መታኝ። ሞተሩን ያቆመው መንግሥት አይደለም።

የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስታገኝ አገር በሙሉ ኮርቶባታል፤ ይገባታልም፤ በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና በሻሸመኔ ተምራ ለሕግ ባለሙያነት የበቃች ሴት ናት። ይሁን እንጂ በእሷ የኮራው ሰው በማግስቱ እኔን መንገድ ዳር ሲያገኝ ሳንቲም ነው የሚፈልገው።

የጀሞ መስመር (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡30)

አሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። በእኛ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ብዙ ስለሆነ ከእኛ በኩል ያለውን ልናገር። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ለማሳፈር ረዳቱ ይወርዳል፣ ሰውየውን ደግፎ ወይም ተሸክሞ ያስገባል፣ ዊልቸሩን አጥፎ ቦታ ይፈልግለታል። አራት ወይም አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩንባ ይነፋል፣ ተራ አስከባሪው ይጮሃል፣ የተሳፈረውም «እንሂድ እንጂ» ይላል። በቀን ለባለ ንብረቱ የማስገባው ገቢ የተቆረጠ ነው፤ አንድ ቢያጆ ከቀረብኝ የሚቀነሰው ከእኔና ከረዳቱ ድርሻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን እንዳላየ እናልፋለን፤ ካሳፈርንም የዊልቸሩን ቦታ እንደ አንድ ሰው ቆጥረን የሁለት ሰው ሒሳብ እንጠይቃለን። ይህ ልክ ነው አልልም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የምለው፣ ደግነቱን የሚያሳየው ሹፌር ኪሳራውን ለብቻው ይሸከማል ነው። ሕጉ ወይም ማኅበሩ ለሁላችንም እኩል ግዴታ ቢያደርገው ጥሩንባ የሚነፋብኝ አይኖርም ነበር።

ቀበና ማዶ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡15)

የጀሞ መስመር፣ በግልጽ ስለ ነገሩን አመሰግናለሁ። ተሳፋሪው «እንሂድ እንጂ» ይላል ያሉት ነክቶኛል፤ እኔም ያልኩበት ቀን አለ።

ዘንግ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡40)

ሕንፃ ቁጥጥር ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሕጉ ከወጣ ቆይቷል፤ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ካጸደቀችም እንዲሁ፤ ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። በወረቀት የጎደለን ጥቂት ነው።

በተግባር የሚሆነውን ልንገራችሁ። ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ) ሲሠራ በሰፊው የሚሠራበት ልክ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ሦስት ደረጃ ማለት 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት። ባለ ሕንፃው ያንን ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ይፈልገዋልና በ2 ሜትር ይጨርሰዋል። በዚያ ዳገት ላይ በራሱ ክንድ የሚገፋ ሰው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ለቁጥጥር ሲኬድ ግን ቅጹ ላይ የተጻፈው «ራምፕ አለው ወይ» የሚል ነውና «አለው» ተብሎ ምልክት ይደረጋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ጄኔሬተር ይቀመጥበታል። እኔ በዚህ ዓይነት ሁለት ሕንፃዎች ላይ ፈርሜያለሁ። የእኔ ሥራ የመዋቅሩን ጥንካሬ ማየት ነው፣ መግቢያውን ሌላ ሰው ያየዋል ብዬ ነበር። የማታ መምህር የጻፉትን ሳነብ፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ያንኑ ሰልፍ እንደቆምኩ ገባኝ።

ከሜሪላንድ (ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50)

እዚህ አሜሪካ የምኖርበት አካባቢ የከተማ አውቶቡስ በዊልቸር ያለ ሰው ሲያይ ይቆማል፣ የፊቱ ወለል ዝቅ ይላል፣ መወጣጫው ይዘረጋል፣ ሹፌሩ ከፊት ያለውን ቦታ አስለቅቆ ዊልቸሩን በቀበቶ ያስራል። ተሳፋሪው ሁሉ ይጠብቃል፤ የሚያጉረመርም ሰው እምብዛም አላየሁም። መጀመሪያ ሳይ ሕዝቡ ከእኛ ይልቅ ደግ ይሆን ብዬ አዝኜ ነበር። ስኖርበት ግን የሰዉ ልብ ከእኛ እንደማይሻል አየሁ፤ ልዩነቱ ሥራው የማን እንደሆነ መታወቁ ነው። ይህም በልመና የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1990 ወደ ስድሳ የሚሆኑ አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ትተው የዋሽንግተኑን ምክር ቤት ደረጃዎች በክንዳቸው እየተሳቡ ወጡ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረው ሕግ ተፈረመ። የጀሞ መስመር የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ተረኛ ነርስ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10)

ስለ ሚጥል በሽታ ስለ ተነሣ አንድ ነገር ልጨምር፤ በመንገድ ላይ ሰዉ የሚሸሽበትም፣ ሲቀርብም የሚጎዳበት ይህ ነው። ለሃጩ አይጋባም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅምም። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አታስገቡ፤ እጅና እግሩንም ጨምቃችሁ አትያዙ። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ አንሡ፣ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። ስትጠሩም «አምቡላንስ ይጠራ» ብላችሁ ለሕዝብ አትጩሁ፤ አንዱን በጣታችሁ አመልክታችሁ «አንቺ ደውዪ» በሉ።

ሦስተኛ ፎቅ (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡25)

ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። ሴሬብራል ፓልሲ የተባለ የአንጎል ጉዳት ያለበት የስምንት ዓመት ልጅ እናት ነኝ። አይራመድም፤ 23 ኪሎ ይመዝናል። የምንኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ፊዚዮቴራፒ አለው። ልጄን አዝዬ እወርዳለሁ፣ ጥበቃው ዘንድ አኖረዋለሁ፣ ተመልሼ ወጥቼ ዊልቸሩን አወርዳለሁ። ስንመለስ ደግሞ ሽቅብ ነው። ባለፈው ክረምት ወገቤን አሞኝ ሦስት ሳምንት ሳይሄድ ቀረና የላላው እግሩ እንደገና ተኮማተረ።

ጎረቤቶቼ ክፉ አይደሉም። ደረጃ ላይ ሲያገኙን ግድግዳውን ተጠግተው ያሳልፉናል፣ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ይላሉ፣ ልጄን «ማሙሽ» ብለው ጉንጩን ይዳብሳሉ። ከዚያ ይወርዳሉ። አንዷ ብቻ፣ እሷም ሳትከፋ፣ «ምን በድለሽ ይሆን?» ብላ ጠይቃኛለች። እኔም እርዱኝ ብዬ አልጠየቅሁም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ሰው መለመን አይቻልም፤ አንድ ቀን እሺ የሚሉት በሦስተኛው ሳምንት በራቸውን ቀስ ብለው እንደሚዘጉት አውቃለሁ።

ቀበና ማዶ «ምን ያዘን» ላሉት፣ እኔ የማስበው ይህን ነው። ባለፈው ጥር ከአራተኛ ፎቅ አንድ አዛውንት አረፉ። ጥሩንባው ተነፋ፣ እድሩ ተጠራ፣ ድንኳን ተተከለ፤ ሳጥኑን በዚያ ጠባብ ደረጃ ላይ ስድስት ወንዶች በየመታጠፊያው እየተቀባበሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከግድግዳ ሳያጋጩ አወረዱት። የማን ተራ እንደሆነ የሚገልጽ መዝገብ አለ፤ የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል። በረንዳዬ ላይ ቆሜ እያየሁ አለቀስኩ፤ ለሟቹ ብቻ አልነበረም።

የጀሞ መስመር (ሐሙስ፣ ምሽት 3፡50)

እህቴ፣ የሚባል ነገር የለኝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነበር።

ፀሐይ ግባት (ዓርብ፣ ጠዋት 2፡00)

የእናትየውን ሁኔታ አንብቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሆኖም እድር ለዚህ አልተቋቋመም፤ መተዳደሪያ ደንቡ ለሞትና ለሕመም ነው። የሕያው ሰው ሸክም ማለቂያ የለውም፤ ዛሬ ልጅ እንሸከም ብንል ነገ ለአረጋውያንም ይጠየቃል። ሊፍት የሌለው ቤት የሠራው አካል ነው መጠየቅ ያለበት።

ነጭ በትር (ዓርብ፣ ጠዋት 3፡35)

ፀሐይ ግባት፣ ቤቱን የሠራው አካል ይጠየቅ፤ እኔም አብሬ እፈርማለሁ። ልጁ ግን ዛሬ ዓርብ ነው፣ ቀጠሮ አለው። ሁለቱ ነገሮች አንዱ ሌላውን እስኪጨርስ የሚጠባበቁ አይመስለኝም። ነገ ለአረጋውያንም ይጠየቃል ላሉት፣ አዎን፣ ይጠየቃል፤ እርስዎም እኔም እናረጃለን። ደግሞ ስለ ደንቡ ከመከራከራችን በፊት እናትየዋን ምን እንደሚበጃቸው እንጠይቃቸው። በእኛ ላይ የሚደርሰው ትልቁ በደል ሳንጠየቅ የሚወሰንልን ነገር ነው።

ሦስተኛ ፎቅ (ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡20)

ስለ ጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጄን ራሴ ማዘል እፈልጋለሁ፤ ሌላ ሰው ሲይዘው ይፈራል። የሚያስፈልገኝ ዊልቸሩን የሚያወርድልኝና የሚያወጣልኝ አንድ ሰው ነው። ማክሰኞና ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት መውረጃ፣ 5 ሰዓት መውጫ። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በሕንፃችን ሃያ አባወራ አለ፤ በየሳምንቱ አንድ ቤት ቢወስደው ለአንድ ቤት በዓመት ከሦስት ሳምንት አይበልጥም። ይህን ዛሬ በወረቀት ላይ ስጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ነገር መሰለኝ። እሑድ ወርሃዊ ስብሰባ አለ፤ ወረቀቱን ለጸሐፊው እሰጣለሁ፤ እስካሁን ግን ልቤ ይፈራል።

ፀሐይ ግባት (ዓርብ፣ ከሰዓት 10፡05)

እንዲህ ተቆጥሮ ሲቀመጥ የምለው የለኝም። ወረቀቱን ከመስጠትዎ በፊት ከሁለት ቤቶች ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ በስብሰባው ላይ መጀመሪያ እጅ የሚያወጣ ሰው እንዳይጠፋ።

ቀበና ማዶ (ቅዳሜ፣ ቀን 6፡40)

ዛሬ ወደዚያው ቦታ ተመልሼ ነበር። የቦዩ ክዳን እንደተሰበረ ነው፤ አንድ ሰው ቅጠል ያለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አቁሞበታል። ለሚያይ ሰው ምልክት ነው፤ ነጭ በትር ግን በዚያ ቢያልፉ ቅርንጫፉን ከመንካታቸው በፊት ወደ ጉድጓዱ ይገባሉ። ትናንት ለሚመለከተው ቢሮ አመልክቼ በመዝገብ ጽፈውልኛል፤ መቼ እንደሚጠገን ግን ቀን አልሰጡኝም። በዊልቸር የነበሩትን ሰው አላገኘኋቸውም፤ በዚያ ምሽት ስማቸውን አለመጠየቄ ቆጭቶኛል።

ዘንግ (ቅዳሜ፣ ቀን 7፡15)

የክፍተቱን ልክ ለክተው ይላኩልኝ፤ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ክዳኑ የሚያርፍበትን ከንፈር ውፍረት ጭምር። ከምሠራበት ሳይት የተረፈ ብረትና ሲሚንቶ አስፈቅጄ ክዳን አስሞላለሁ። ቢሮውን በደብዳቤ አሳውቀን ነው የምናስቀምጠው፤ እስኪደርቅ ግን አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

የጀሞ መስመር (ቅዳሜ፣ ቀን 7፡30)

መኪናው ከእኔ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሰልፍ ስለማይኖር ያኔ ይሻላል።

ቀበና ማዶ (ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡50)

62 በ48 ሳንቲ ሜትር። ከንፈሩ በሦስት በኩል 8 ነው፤ በመንገዱ በኩል ተሸርፎ 5 ቀርቷል። ስለካ አንድ ጫማ የሚያሳምር ልጅ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ያዘልኝ፤ ክዳኑ እስኪደርስ በሳጥኑ ከልሎት እንዲቀመጥ ጠይቄው እሺ ብሎኛል።